የኩራዙ ጥላሸት ከየት ይመጣል?

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ ኩራዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ብዙዎቻችን በኩራዝ እናጠናለን። ጠዋት አፍንጫችንን ስንናፈጥ ጥቁር ይወጣል። ነጭ ጋዝ ግን ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ታዲያ ጥቁሩ ከየት መጣ? እኔን ያስገረመኝ ይሄ ነው።

በነጭ ጋዝና በናፍጣ ውስጥ አሮማቲክ የሚባሉ ውህዶች አሉ። ከእነሱ ትንሹ ቤንዝን ይባላል (መኪና የሚቀዳው ቤንዚን ሌላ ነው፣ ስማቸው ተመሳስሎ ነው እንጂ!)። ያገኘው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነው፤ በ1825 እ.ኤ.አ.። ስድስት የካርቦን አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ እንደሠሩ ልጆች ሆነው ይቆማሉ። ሁለት ክብ ጎን ለጎን ሲጣበቅ ናፍታሊን ይሆናል፤ ልብስ ብል እንዳይበላው ነጭ ኳስ የሚሠራበት ማለት ነው። ነበልባሉ ውስጥ አየር በደንብ በማይደርስበት ቦታ ክቦቹ ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያሉ ይያያዛሉ። በጣም ሲተልቁ እርስ በርስ ተጠራቅመው የጥላሸት ቅንጣት ይሆናሉ። ነበልባሉን ቢጫ የሚያደርገውም የጋለው ጥላሸት ነው። ሳይቃጠል ያመለጠው በጢስ መልክ ወጥቶ ወደ ሳንባችን ይገባል። ከባለ አምስት ክቦቹ አንዱ ቤንዞፓይሪን ሲሆን ካንሰር እንደሚያመጣ ታውቋል።

ግን እሳት ውስጥ ማን ገብቶ አየ? ቱቦ ቢያስገቡ ነበልባሉ ይረበሻል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚያስገቡት ብርሃን ነው። ባንክ ቤት ብሩ ትክክለኛ መሆኑን የሚያዩበት ሐምራዊ መብራት አለ አይደል? በዓይን የማይታየው ምልክት እዚያ ሥር ቦግ ይላል። አንድ ነገር የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ውጦ ሌላ ቀለም ያለው ብርሃን ሲመልስ ፍሎረሰንስ ይባላል። ስሙን ያወጣው ጆርጅ ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. ክዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት የሟሟበት ውሃ ሰማያዊ ሲያበራ አጥንቶ ነው።

አሮማቲኮችም እንዲሁ ያበራሉ። ተመራማሪዎቹ የሌዘር ብርሃን፣ ለምሳሌ 266 ናኖሜትር የሆነውን፣ እንደ ወረቀት ስስ አድርገው በነበልባሉ መሃል ያሳልፋሉ። ባለ አንድ ክቡ የሚመልሰው ብርሃን ራሱ አይታይም፤ ክቡ እየበዛ ሲሄድ ግን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ከታች ወደ ላይ ሲያነሱት ክቦቹ እንዴት እንደሚያድጉ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጥላሸቱ የት እንደሚጀምር ይለያሉ። የእሳቱ የራሱ ብርሃን እንዳያስቸግር ካሜራው የሚከፈተው ከሰከንድ በጣም ጥቂት ቢሊዮንኛ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ድክመቱ አንድ ነው፦ የብዙ ውህዶች ብርሃን ስለሚደራረብ መጠናቸውን እንጂ የእያንዳንዱን ስም በትክክል አይናገርም።

በጣም የወደድኩት ግን ይሄኛው ነው። የአውሮፕላን ነዳጅ የነጭ ጋዝ ወንድም ነው፤ የሚፈተነውም ክር ባለው ትንሽ መብራት ነው፣ ልክ እንደ ኩራዛችን! ሳይጨስ 25 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ነበልባል መስጠት አለበት። ናፍታሊኑ ከመቶ 3 ካልበለጠ 18 ሚሊሜትርም ይበቃዋል። አሮማቲክ የበዛበት ነዳጅ ገና ነበልባሉ አጭር ሳለ መጨስ ይጀምራል።

እስቲ ዛሬ ማታ የኩራዙን ክር ትልቅ ሰው ባለበት ዝቅ አድርጋችሁ ጢሱን እዩት። ጥያቄ፦ ብርጭቆ ያለው ፋኖስ ከኩራዝ ያነሰ የሚያጨሰው ለምንድን ነው? መልሱን በክበባችን ሳጥን ውስጥ ጨምሩ።