ሞተሩ ሰማይ ላይ ሲጠፋ

ነፋስ መውጫ ከተማ፣ በአንድ የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ጓሮ ባለአንድ መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን እየተሠራ ነው። ሠሪው ወጣት መካኒክ ነው። ሊያዩለት የመጡት አዛውንት የስማዳ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ደብረ ዘይት በአውሮፕላን ጥገና ጨርሰው ወደ አገራቸው የተመለሱ።

ወጣቱ፦ አባባ፣ ይኸው አዩት። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠነክር ላስነሣው አስቤያለሁ። ምን ይጎድለዋል ይላሉ?

አዛውንቱ፦ ብየዳህን ወድጄዋለሁ፤ ቡሎኖቹ እንዳይላሉ በሽቦ ማሰርህም ደስ ብሎኛል። እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተነሥተህ የባህር ዛፉን ጫፍ ገና እንዳለፍህ ሞተሩ ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ?

ወጣቱ፦ ቶሎ ዞሬ ወደ ተነሣሁበት ሜዳ እመለሳለሁ።

አዛውንቱ፦ ትሞታለህ፣ ልጄ። በዚያች አንዲት መዞር ያለቀውን አብራሪ ቤቱ ይቁጠረው። ጀማሪ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ብዙ ሰዓት የበረረውም አልቆባታል።

ወጣቱ፦ ሜዳው እኮ እዚያው ከኋላዬ ነው!

አዛውንቱ፦ ሰውን የሚያታልለውም እሱ ነው። ስማኝ። አውሮፕላኑን ደግፎ የሚይዘው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። የሞተሩ ሥራ ፍጥነት መስጠት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ፍጥነት የምታገኘው ከቁልቁለት ብቻ ነው፤ አፍንጫውን ወዲያው ዝቅ ካላደረግህ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፍጥነትህ ያልቃል። ከመኪና መስኮት እጅህን አውጥተህ ታውቃለህ? መዳፍህን ትንሽ ቀና ስታደርገው ነፋሱ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጨርሰህ ስታቆመው ግን ማንሣቱን ትቶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ክንፍም እንዲሁ ነው። ከልክ በላይ ቀና ሲል አየሩ ከጀርባው ይላቀቃል፤ ስቶል የሚሉት ይህንን ነው።

ወጣቱ፦ ከመዞሩ ጋር ምን ያገናኘዋል?

አዛውንቱ፦ ለመዞር ክንፍህን ታጋድላለህ። ያጋደለ ክንፍ ላለመውደቅ የሚፈልገው ፍጥነት ከፍ ይላል፤ 45 ዲግሪ ስታጋድል 19 በመቶ፣ 60 ዲግሪ ስታጋድል 41 በመቶ ይጨምራል። አንተ ደግሞ ያን ጊዜ ያለህ ፍጥነት ከሁሉ ያነሰው ነው። ሽቅብ እየወጣህ ነበራ። መሬቱ ሲቀርብህ ሳታስበው እጅህ መሪውን ወደ ደረትህ ይስባል። በዚያች ቅጽበት የውስጠኛው ክንፍ ቀድሞ ይከዳል፤ አውሮፕላኑም እየተሽከረከረ በአፍንጫው ይተከላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከመሬት ሃምሳ ወይም መቶ ሜትር ላይ ነው፤ ማስተካከያ ከፍታ የለህም። ደግሞም ግማሽ ዙር መዞር ብቻውን ሜዳህ ላይ አይመልስህም፤ ከጎኑ ነው የምትወጣው። ከዚያ እንደገና መጠምዘዝ አለብህ፤ ሲነሡ ከፊት የነበረው ነፋስም አሁን ከኋላ እየገፋ መሬት ያደርስሃል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ምን ይሻለኛል?

አዛውንቱ፦ አፍንጫህን ዝቅ፣ ወደ ፊት። ከአፍንጫህ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ያህል ውስጥ ካለው መሬት የተሻለውን መርጠህ፣ ክንፍህን ሳታጋድል ተቀመጥ። የድንች ማሳ ይሁን፣ የገብስ ማሳ ይሁን፣ አጥርም ይሁን። አውሮፕላኑ ይሰበራል። ይሰበር!

ወጣቱ፦ አባባ፣ ስንት ዘመን የለፋሁበትን?

አዛውንቱ፦ አውቃለሁ። ሞተሩ ከጠፋባት ሰከንድ ጀምሮ ግን አውሮፕላኑ የአንተን አጥንት ለማዳን የሚሰበር ዕቃ ነው። አብራሪ የሚሞተው አውሮፕላኑንም ራሱንም አተርፋለሁ ሲል ነው።

ወጣቱ፦ እሺ፣ አጥር መታሁ እንበል። እንዴት ነው የምተርፈው?

አዛውንቱ፦ በዝግታ ከመታህ ትተርፋለህ። የግጭት ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚያርፍ አውሮፕላን ይዘህ 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊትህ ቢመጣ መሬቱን የምትነካው በ60 ነው፤ ያው ነፋስ ከኋላህ ከሆነ በ100። በሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርህ። በ80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ያለ አውሮፕላን ሦስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ እኩል እየቀነሰ ቢቆም፣ በሰውነትህ ላይ የሚያርፈው ጫና የክብደትህ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። በደንብ የታሰረ ሰው ይህንን ይችለዋል። ሦስት ሜትር! ስለዚህ ቁጥቋጦው፣ የገብሱ ነዶ፣ የሚገነጠለው ክንፍ ሁሉ ወዳጅህ ነው። በሁለት ዛፎች መካከል ግባና ክንፎቹ ይውሰዱልህ። አንድ ግንድ ግን በአፍንጫህ አትምታ።

ወጣቱ፦ ቀበቶዬን ከአሮጌ መኪና ፈትቼ ነው የገጠምሁት።

አዛውንቱ፦ አየሁት፤ የወገብ ብቻ ነው። ከወገብ በላይ ያልታሰረ ሰው ወደ ፊት ታጥፎ ግንባሩን የመለኪያ ሰዓቶቹ ላይ ይከሰክሳል። ሁለቱንም ትከሻ የሚይዝ አድርግ፤ ጫፉን ወንበሩ ላይ ሳይሆን ዋናው ብረት ላይ እሰረው። የሞተር ብስክሌት ቆብህ አለ አይደል? እሱንም አድርግ።

ወጣቱ፦ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞ የተረፈ አለ?

አዛውንቱ፦ ሩቅ ሳትሄድ ባሕር ዳር። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ የሚሄድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሲነሣ የእርግብ መንጋ ውስጥ ገባ፤ እርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። ለመመለስ ሲሞክሩ ሁለቱም ሞተሮች ከዷቸው። ከአየር ማረፊያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ጎማ ሳይወጣ በሆዱ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሣ። ከ104 ሰው 35 ሞተ፤ 69 ተረፈ። ሞተር የሌለው ጄት በገበሬ መሬት ላይ ወድቆ 69 ሰው! ሁለተኛው ታሪክ የዚያው አየር መንገድ አብራሪ የካፒቴን ልዑል አባተ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የሚያበረውን ቦይንግ 767 ጠላፊዎች ይዘውት ነዳጁ አልቆ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተው፣ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። ከሞቱት ብዙዎቹ የሕይወት ማዳኛ ሰደሪያቸውን ገና ውስጥ ሳሉ ነፍተው፣ ውኃው ሲገባ ከጣሪያው ጋር ተጣብቀው መውጫ ያጡ ናቸው። እኔ ይህንን ሳስብ ዛሬም ያመኛል፤ ከግጭቱ የተረፈ ሰው ከመውጫው ጠፋ። አንተም በርህን መሬት ከመንካትህ በፊት ክፈተው። ከተጣመመ በኋላ አይከፈትልህም።

ወጣቱ፦ የእኛን አገር መሬት እንግዲህ ያውቁታል። ይህ የእኛ ጋይንት ሜዳ አለው ወይ?

አዛውንቱ፦ ከጉና እስከ በሽሎ ያለውን በዓይንህ ሂድበት። አምባው ላይ ሜዳ አለ፤ ችግሩ ጠርዙ ነው። አንዳንዱ ወደ ገደሉ ቢነሣ ደስ ይለዋል፤ ጠርዙን እንዳለፈ ከሥሩ ከሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ይከፈትለታልና ከፍታ ያገኘ ይመስለዋል። ከዚያ ሞተሩ ቢጠፋ የሚያርፍበት ቋጥኝና ሸለቆ ነው። ነፋሱ አምባውን አቋርጦ ወደ ሸለቆው ሲወርድ ደግሞ ይዞህ ይወርዳል፤ ጠርዙን መልሰህ ልትይዘው ብትል ከሥር ትቀራለህ። ስለዚህ ከአምባው መሐል ተነሣ፣ ፊትህን ወደ ሰፊው መሬት አድርግ፣ ከጠርዙ ራቅ።

ወጣቱ፦ እርከኑስ? የቀረው መሬት ሁሉ እርከን ነው።

አዛውንቱ፦ እርከኑን አትቁረጠው፤ አብረኸው ሂድ። ካቡን በአግድሞሽ ከመታኸው ጎማህን ነጥቆ ይገለብጥሃል። ከካቡ ጎን ለጎን፣ ቁመቱን ተከትለህ ካረፍህ ግን ጠባብ ሜዳ ነው ማለት ነው። ዳገትና ቁልቁለት ምረጥ ቢሉህ ነፋሱ ኃይለኛ ካልሆነ ሽቅብ እረፍ፤ ዳገቱ ያቆምሃል። ዋልካ መሬት ላይ በክረምት አትሞክር፤ ጎማው ተውጦ በጀርባህ ይጥልሃል። የበቀለ ገብስ ከሩቅ ለስላሳ ነው፤ ያኔ ሥሩን ሳይሆን ጫፉን እንደ መሬት ቆጥረህ ቀስ ብለህ ተቀመጥበት። ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ወረድ ስትል ደልደል ያለ መሬት ይበዛል። እኔን ብትሰማኝ የመጀመሪያውን በረራ እዚያ አድርገው፤ አየሩም ይወፍርልሃል።

ወጣቱ፦ አየሩ ይወፍራል ማለት?

አዛውንቱ፦ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በ3,000 ሜትር የአየሩ ውፍረት ከባሕር ጠለሉ 74 በመቶ ያህል ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ብለው የሸጡልህ ሞተር እዚህ 30 ቢሰጥህ አመስግን። የፍጥነት ሰዓትህ 80 ሲልህ እውነተኛ ፍጥነትህ ወደ 93 ነው፤ ስለዚህ ሜዳው ይረዝምብሃል፣ ስታርፍም የግጭቱ ጉልበት በሲሶ ይጨምራል። አንተ ግን ዓይንህን ከሰዓቱ አትንቀል፤ ክንፉ የሚያውቀው የሰዓቱን ቁጥር ነው።

ወጣቱ፦ ከመጥፋቱ በፊት ላስቀረው የምችለው የለም?

አዛውንቱ፦ አለ፤ አብዛኛው እጅህ ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 እ.ኤ.አ. በግለሰብ የተሠሩ አውሮፕላኖችን አደጋ አጥንቶ፣ ጎልተው ያገኛቸው የሞተር ኃይል መጥፋትና አብራሪው አውሮፕላኑን አየር ላይ መቆጣጠር አለመቻሉ ናቸው። አንዱ ሌላውን ይጠራዋል። ቤንዚንህን ከመንገድ ዳር በጀሪካን ነው የምትገዛው፤ ውኃ አለው። አሳድረህ አጥልለው፤ ከታንኩ ዝቅተኛ ቦታ መክፈቻ አውጣለትና ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ ቀድተህ እየው። ቀጥሎ አውሮፕላኑን ልክ ሽቅብ እንደሚወጣ አፍንጫውን ቀና አድርገህ አቁመው፣ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀልና የሚፈሰውን ለካ። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ በሰዓት 12 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ ቱቦው 18 ማፍሰስ አለበት። ካላፈሰሰ አትነሣ።

ወጣቱ፦ ካርቡሬተሩ ሞተር ብስክሌት ላይ አስቸግሮኝ አያውቅም።

አዛውንቱ፦ እዚህ ያስቸግርሃል። ቤንዚኑ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ በጥቅምት ጠዋት፣ አየሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ውጪው 15 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ይጋገራል። ሞተሩ ቀስ በቀስ ይታፈናል፤ አርፈህ ስትፈትሸው በረዶው ቀልጦ ምንም አታገኝም። ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር የሚያመጣ ቱቦና መክፈቻ ሥራለት።

ወጣቱ፦ እንደኔ በራሱ እጅ የሞከረ ሌላ ኢትዮጵያዊ አለ?

አዛውንቱ፦ አስመላሽ ዘፈሩን አልሰማህም? የጤና ባለሙያ ነው። ኬ-570ኤ ብሎ የሰየመውን አውሮፕላን በፎልክስዋገን ሞተር ሠራ፤ ኬ የእናቱ የኪሮስ ስም መነሻ ፊደል ነው፣ 570 ደግሞ የፈጀበት ቀን። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሊያስነሣው ሲል የፕሮፔለሩ ማሰሪያ ተሰበረ። እኔ የማከብረው ያንን መሰበሩን ነው፤ በመሬት ላይ ተሰበረ። ሁለት መቶ ሜትር ላይ ቢሆን የምንናገረው ሌላ ነበር። አንተም የሚሰበረውን መሬት ላይ ስበረው። የአውሮፕላኑን ጅራት ከግንድ ጋር አስረህ ሞተሩን በሙሉ ጉልበት ደጋግመህ አሠራው።

ወጣቱ፦ ይሁን። አየር ላይ ሳለሁ ቢጠፋስ፣ እጄ በየት ይጀምር?

አዛውንቱ፦ መጀመሪያ አፍንጫ። የመንሳፈፊያ ፍጥነትህን ያዝ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ መሬት ምረጥ፤ ከመረጥህ አትቀያይር። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ነፋስ በሌለበት ከ300 ሜትር ከፍታ ሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ስለዚህ ሩቅ አትመኝ። ጊዜ ከተረፈህ የሞቀውን አየር ክፈት፣ ነዳጁን እይ፣ ለማስነሣት ሞክር። 150 ሜትር ስትደርስ ግን ሞተሩን እርሳው። ነዳጁን ዝጋ፣ ካንዴላውን የሚያቃጥለውን ኤሌክትሪክ አጥፋ፣ በሩን ክፈት፣ ቀበቶህን ሳብ። መሬቱ ሲቀርብ ቀና አድርገህ ያዘው፤ በዝግታው ጫፍ ላይ፣ ከዋናው ጎማ ጀምሮ ይንካ። ከቆመ ውጣና ራቅ። ሰው ይሰበሰባል፤ ሲጋራና ክብሪት እንዳያቀርቡ ጩኽባቸው። ከመነሣትህም በፊት የሚያይህ ሰው ስልክ ይዞ መሬት ላይ ይቁም፤ ወደ ነፋስ መውጫ ሆስፒታል የሚያደርስህ መኪናም ይዘጋጅ።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ አስታውሳለሁ ወይ?

አዛውንቱ፦ በማስታወስ አይሆንም፤ በልምምድ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥና ዓይንህን ጨፍነህ እያንዳንዱን መክፈቻ በእጅህ እስክታገኘው ድረስ ደጋግመው። ከእውነተኛ አስተማሪ ጋርም ብረር፤ ሞተር አጥፍቶ መውረድን ያሳይህ። ራስህን ያስተማርኸው ብየዳ ይበቃል፤ በረራን ግን ራስህን አታስተምር። አሜሪካኖቹ እንኳ በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ሰው ከሌለበት ቦታ ተፈትኖ ካላለፈ መንገደኛ አያስጭኑበትም።

ወጣቱ፦ እንግዲያው መቼ ላስነሣው?

አዛውንቱ፦ የትከሻ ቀበቶው ሲገባ፣ የነዳጁ ፍሰት ሲለካ፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሲሰጥህ፣ የሚያርፍበትን መሬት ደግሞ አንተና እኔ በእግራችን ስንረግጠው። ካቡን፣ ቦዩን፣ ጉቶውን አንድ በአንድ እናያለን። እስከዚያ በሜዳው ላይ እየነዳህ ተለማመድ፤ ጎማው ግን ከመሬት እንዳይላቀቅ።