ትራንስፎርመር ከመቃጠሉ በፊት፦ የኢንሱሌሽን ፍተሻ

ከጊቤ 3 የሚመጣው የ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወላይታ ሶዶ ይደርሳል፤ ወደ ኬንያ የሚዘልቀው የ500 ኪሎ ቮልት የዲሲ መስመርም ከዚያው ይነሳል። እነዚህ መስመሮች የሚገናኙባቸው ጣቢያዎች የየራሳቸው መሣሪያና ባለሙያ አላቸው። በአረካ ወይም በቦዲቲ የሚሠራ ቴክኒሺያን የሚገጥመው ግን ባለ15 ወይም ባለ33 ኪሎ ቮልት የማከፋፈያ ትራንስፎርመር ነው። ይህ ጽሑፍም የተጻፈው ለእናንተ ለቴክኒሺያኖቹ ነው።

በቅድሚያ ኃይሉን ቁረጡ። የላይኛውን ፊውዝ ማውረድ ብቻውን አይበቃም፤ የሆቴል ወይም የወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ከታች በኩል ኃይል መልሶ ሊልክ ስለሚችል የ400 ቮልቱንም ወገን ለዩ። ቮልቴጅ አለመኖሩን በመሞከሪያ አረጋግጡና ከመሬት ጋር አገናኙ። ኬብሎቹን፣ የመብረቅ መከላከያውንና የኒውትራሉን የመሬት ሽቦ የምትፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። ኒውትራሉ እንደታሰረ ከቀረ የዝቅተኛው ወገን ንባብ ዜሮ ይሆናል፤ ጤነኛው ትራንስፎርመርም ተበላሽቷል ተብሎ ይወርዳል።

ቡሺንጎቹን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በበልግና በክረምት ሸክላው ላይ የሚቀር እርጥብ አቧራ ንባቡን ያወርደዋል። ስለዚህ እስኪደርቅ ጠብቁ።

አሁን የከፍተኛውን ወገን ሦስቱን ቡሺንጎች በአንድ ሽቦ፣ የዝቅተኛውን አራቱን በሌላ ሽቦ አያይዙ። መጀመሪያ ዝቅተኛውን ወገን ከታንኩ ጋር አገናኝታችሁ ከፍተኛውን በሜገር (በኢንሱሌሽን መለኪያ) በ5000 ቮልት ለኩ። ቀጥሎ ከፍተኛውን ከታንኩ ጋር አገናኝታችሁ ዝቅተኛውን በ500 ወይም በ1000 ቮልት ለኩ። የሁለቱን ጥቅልሎች እርስ በርስ ስትለኩ ታንኩን ከሜገሩ ጋርድ ጋር አገናኙ። በ1ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ያያችሁትን መዝግቡ። የ10ኛው ደቂቃ ንባብ ለ1ኛው ሲካፈል የሚገኘው ውድር ለሞተርና ለጄኔሬተር 2 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥሩ ነው ይባላል። ዘይት ባለው ትራንስፎርመር ግን ኢንሱሌሽኑ ደህና ሆኖም ውድሩ ሊያንስ ስለሚችል በእሱ ብቻ አትፍረዱ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሙቀቱን ነው። የዘይቱ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር ንባቡ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ 2000 ሜጋ ኦም ያሳየ ትራንስፎርመር በ40 ዲግሪ 500 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ሙቀቱ ያልተጻፈበት ንባብ ከሌላ ንባብ ጋር አይነጻጸርም።

ሙከራው ሲያልቅ ጥቅልሉ ቻርጅ ይዞ ይቆያል። ቢያንስ ሙከራው የፈጀውን ጊዜ አራት እጥፍ ከመሬት ጋር አገናኙት፤ ለ10 ደቂቃ ሙከራ 40 ደቂቃ ማለት ነው። ለመቸኮል ብሎ ይህን የሚያሳጥር ሕይወቱን ለአደጋ ይሰጣል።

ሜገር የዘይቱን ጥንካሬ አይነግራችሁም። ዝናብ በሌለበት ሰዓት ከታችኛው ቫልቭ ጥቂት አፍስሳችሁ ናሙናውን በደረቅ ጠርሙስ ቅዱ። በ2.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ ቮልቴጁ በሰከንድ 2 ኪሎ ቮልት እየጨመረ ስድስት ጊዜ ይሞከርና አማካዩ ይወሰዳል። ለዚህ ደረጃ ትራንስፎርመር ከ40 ኪሎ ቮልት በላይ ጥሩ ነው፤ ከ30 በታች ከሆነ ዘይቱ ይጣራ ወይም ይቀየር።

ከሁሉ በላይ የሚታመነው ከዓመት ዓመት የሚታየው ለውጥ ነው። የትራንስፎርመሩ መዝገብ ከሌለ ከዛሬው ፍተሻ ጀምሩለት፤ ቀኑን፣ ሙቀቱን፣ የሙከራውን ቮልቴጅና ንባቡን ጻፉበት።