የነጣ አስኳልና አረንጓዴው ዱቄት

በወረታና በፎገራ ሜዳ ዶሮ የምታረቡ እህቶች «የእንቁላሉ አስኳል ለምን ነጣ?» ስትሉ ትጠይቃላችሁ። ነገሩ ያለው መኖው ላይ ነው። በአካባቢያችን ለዶሮ የሚቀርበው በብዛት የሩዝ ስብርባሪና ፉርሽካ ነው፤ ሩዝ ደግሞ አስኳልን ቢጫ የሚያደርጉት ቀለሞች የሉትም ማለት ይቻላል። ዶሮዋም እነዚህን ቀለሞች ከምትበላው ታገኛለች እንጂ ራሷ አትሠራቸውም።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የሚወራለት ስፓይሩሊና የተባለው ደቂቅ የውሃ አልጌ ነው። ሲደርቅ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ፕሮቲን ነው። በውስጡ ያለውን ካሮቲን ዶሮዋ ወደ ቫይታሚን ኤ ትለውጠዋለች፤ ዚያዛንቲን የተባለው ቀለም ደግሞ አስኳሉን ያደምቀዋል። ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ከሻላ ሐይቅ አጠገብ ባለው ጭቱ ሐይቅ ይበቅላል፤ ፍላሚንጎዎችም ይመገቡታል። በቻድ የካኔምቡ ሴቶች ከሐይቅ ቀድተው፣ በአሸዋ ላይ አድርቀው ለሰው ምግብነት ይሸጡታል።

መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለ100 ኪሎ መኖ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይበቃል። ሲበዛ የጫጩቶችን እድገት ያዘገያል። ታዲያ መድኃኒት ቤት ለሰው የሚሸጠውን ጽላት ፈጭተን ብንሰጥስ? አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ትበላለች፤ ስለዚህ ባለ 500 ሚሊግራሙ ጽላት በየቀኑ ከ2 እስከ 4 ፍሬ ይፈጅባታል። የእንቁላሉ ዋጋ ይህን አይሸከምም። በዚያ ላይ አስኳሉ ደመቀ ማለት የእንቁላሉ ፕሮቲን ጨመረ ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «አረንጓዴ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ከጣና ዳርቻ ወይም ከረጋ ኩሬ የሚንሳፈፈውን ሽፋን ቀድቶ ለዶሮ መስጠት ነው። ስፓይሩሊና የሚወደው ሶዳ የበዛበትን ሞቃት ውሃ ነው፤ የጣና ውሃ እንደዚያ አይደለም። በጣና ማይክሮሲስቲስ የሚባል ሌላ ዓይነት መኖሩ በጥናት ታውቋል፤ ይህ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙን ማፍላት አያጠፋውም፤ በፀሐይ ማድረቅም አያስተማምንም። ዶሮዎቹ እንዲህ ያለውን ውሃ እንዳይጠጡም ከልክሏቸው። በድንገት የሞተች ዶሮ ብትኖር በክት መሆኗ የታወቀ ነው፤ ለውሻም አትጣሏት፤ ቅበሯትና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

እኔ ብጠየቅ ከአልጌው በፊት ፉርሽካውን አስተካክሉ እላለሁ። የሩዝ ፉርሽካ ቅባት ስላለው ቶሎ ይሻግታል፤ የሻገተ ቅባት ደግሞ ቫይታሚን ኤ እና ኢን ያበላሻል። ውድ ዱቄት ገዝቶ እንዲህ ያለ መኖ ላይ መነስነስ ገንዘብ መጣል ነው። ከወፍጮ ቤት የሳምንቱን ብቻ አምጡ፤ ጠረኑ ከተለወጠ ተዉት። ለቀለሙ አልፋልፋ ወይም ጎመን ይበቃል፤ ትኩሱን ከትፋችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ለበጋ የምታስቀምጡ ከሆነ ቅጠሉን ጥላ ሥር አድርቁት፤ ፀሐይ ካሮቲኑን ይቀንሰዋልና። ከደረቀ በኋላ ፈጭታችሁ ለ100 ኪሎ መኖ እስከ 5 ኪሎ ቀላቅሉ። ለቅርፊቱ ጥንካሬ ግን አልጌውም ቅጠሉም አይበቃም፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለብቻው ይቅረብላቸው።