ካርዴን ማን ያየዋል?

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፀረ ኤድስ ክበብ አባላት ጋር ስንወያይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ብመረመር ስሜ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል አይደል? ከዚያስ ማን ያየዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። (እኔ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ፤ ለተማሪ ግን እንግዳ ሁሉ ቲቸር ነው።) ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ለመሆኑ ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ምንድን ነው? ካርዳችን በአንድ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ቀርቶ የሁሉም ሕሙማን መረጃ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብና ሐኪሞች ካሉበት ሆነው ሲያዩት ማለት ነው። ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከደሴ ወደ አዳማ ቢዛወር አዲሱ ሐኪም የትኛውን መድኃኒት ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስድ ወዲያው ያውቃል።

ታዲያ ሕዝብ ለምን ይፈራል? በእንግሊዝ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2014 የጤና አገልግሎቱ የሕሙማንን መረጃ ከቤተሰብ ሐኪሞች ወስዶ በአንድ ቋት ለማከማቸት አቅዶ ወደ 26 ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤቶች በራሪ ወረቀት በፖስታ ላከ። ዝም ያለ ሁሉ እንደተስማማ ይቆጠር ነበር። ብዙዎች ግን ወረቀቱን ጭራሽ አላየንም አሉ። መረጃው ለኩባንያዎችም ሊደርስ ይችላል ሲባል ቁጣው በረታ፤ ዕቅዱ በዚያው ዓመት እንዲዘገይ ተደረገ፣ በ2016 ጨርሶ ቀረ። እንደ እኔ ሕዝቡ የጠላው መረጃው ለምርምር መዋሉን ሳይሆን ሳይጠየቅ መወሰዱን ነው።

ስጋቱ መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 የሲንጋፖር ጤና ሚኒስቴር ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ 14,200 ሰዎች ስም፣ ስልክና አድራሻ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱን አስታወቀ። ሚኒስቴሩ እንዳለው መረጃው የወጣው መዝገቡን የማየት ፈቃድ በነበረው አንድ ሐኪም በኩል ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከምከታተላቸው ወገኖች መካከል አንዲት እናት መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ሌላ ከተማ ድረስ ይሄዳሉ። ለምን ቢባል፣ በሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራው ጎረቤታቸው ናት። እሳቸውን የሚያሰጋቸው ኮምፒውተር አይደለም፤ የጎረቤት ዓይን ነው። የመኪና ገንዘብ ያጡ ቀን መድኃኒቱ ይቋረጣል።

ለተማሪዋ እንዲህ አልኳት፦ «ለምርመራ ደም ከመስጠትሽ በፊት አማካሪዋን ጠይቂያት። ስሜ የት ይጻፋል? ማን ያየዋል? ያለ ፈቃዴ ለሌላ ይነገራል ወይ? መልሱ ካላጠገበሽ ደግመሽ ጠይቂ።»

«እርስዎስ ሲመረመሩ ጠይቀው ነበር?» አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። አልጠየቅሁም ነበር።