የተናቀው እህል

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

 

ዛሬ የምንተዋወሰው ስለ ማዕዳችን ነው። ማሽላና ዳጉሳን «የድሃ እህል» ብሎ መናቅ በብዙዎቻችን ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ቤተሰብ የላከለትን የማሽላ ቂጣ ከዶርም ጓደኞቹ የሚደብቅ ተማሪ አለ። እንግዳ መጥቶ ነጭ ጤፍ ካጣች የምትሸማቀቅ እናት አለች። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ዲናችንንም እርሻችንንም ይነካል።

እስቲ አገራችንን ተመልከቱ። ጫጫ ውርጭ ያለበት ደጋ ስለሆነ የሚዘራው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ በአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ስትወርዱ አየሩ ይሞቃል፤ ማሳውም የማሽላና የጤፍ ይሆናል። ጎጃም ስትሻገሩ ደግሞ ዳጉሳ ታገኛላችሁ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ረዕድ 4ኛው አንቀጽ ጎን ለጎን ያሉ መሬቶች አንድ ውሃ እየጠጡ ፍሬያቸው በጣዕም እንደሚበላለጥ ይነግረናል፤ በዚህም ለሚያስተውሉ ሰዎች ተአምር እንዳለ ያሳስበናል።

ተአምሩን በማሽላ ላይ ማየት ይቻላል። ዝናብ ሲቆም ቅጠሉን ጠቅልሎ ውሃውን ይቆጥባል፤ እድገቱን ገታ አድርጎ ይጠብቅና ዝናቡ ሲመለስ ይቀጥላል። የዳጉሳ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ በደንብ ከደረቀ በጎተራ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በካልሲየምም ከስንዴና ከሩዝ እጅግ ይበልጣል። ዝናቡ ጊዜውን እየሳተ ባለበት በዚህ ዘመን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2023ን የእነዚህ እህሎች ዓለም አቀፍ ዓመት አድርጎ የሰየመው በምክንያት ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ የኛው ጤፍም አለበት።

ይህ ማለት ችግር የለባቸውም ማለት አይደለም። ማሽላን አቀንጭራ የሚባለው አረም ይጎዳዋል። የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። እኛ የምንንቀውን እህል ሌላው የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎታል።

አሁን ወደ ሱናው እንምጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ነቅፈው አያውቁም፤ ካሰኛቸው ይበላሉ፣ ካላሰኛቸው ይተዋሉ። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ደግሞ ሰሓቦች የገብሱን ዱቄት በወንፊት አይነፉትም ነበር፤ እፍ ይሉትና ገለባው ሲበር የቀረውን ያቦኩታል። ከፍጥረት ሁሉ በላጩ የተመገቡት እንዲህ ያለ እንጀራ ከሆነ፣ እኛ በጠቆረ እንጀራ የምናፍረው ማንን ተከትለን ነው?

«ዳጉሳ እኮ የአረቄና የጠላ እህል ነው» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ዑመር (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ቆመው ኸምር ከምን ከምን እንደሚሠራ ሲዘረዝሩ ወይንን፣ ቴምርን፣ ማርን፣ ስንዴንና ገብስን ጠርተዋል። እነዚህን ሁሉ ግን እንበላቸዋለን። ሐራሙ የሚያሰክረው መጠጥ እንጂ እህሉ አይደለም። እንዲያውም በሻፊዒይ መዝሀብ ማሽላና መሰሎቹ ሰው የሚኖርባቸው ቀለቦች ስለሆኑ፣ ኒሷብ ሲሞሉ ዘካ ይወጣባቸዋል። በዝናብ ከበቀለው አንድ አሥረኛ፣ በመስኖ ድካም ከበቀለው የዚያው ግማሽ።

ንቀቱ ከማዕድ አያልፍም ብላችሁ ግን አታስቡ። በላተኛ ያጣ እህል ገበያ ያጣል፤ ገበያ ያጣውን ገበሬ አይዘራውም፤ ያልተዘራ ዘር ደግሞ ይጠፋል። በ1977ቱ ረሃብ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ለመብላት ተገዷል። ያኔ ዶክተር መላኩ ወረደና ባልደረቦቻቸው የአገር ዘር እንዳይጠፋ ከየገበሬው እየሰበሰቡ በጂን ባንክ አቆዩ። ነቢዩሏህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ)ም ከችጋሩ በፊት ሰብሉን ከነዛላው እንዲያቆዩት መከሩ። ከሰባቱ ክፉ ዓመታት የሚተርፈውን ጥቂት እህል ከሙፈሲሮች አንዳንዶቹ ለዘር የሚቀመጥ ነው ብለው ያብራሩታል። በረሃብ መካከል እንኳ ዘር አማና ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እንላለን፦

1. የቀረበላችሁን እህል አትንቀፉ። ቢስሚላህ ብላችሁ ብሉ፣ አልሐምዱሊላህ በሉ።

2. ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ የትኛውን ዘር ነበር የምትዘሩት? የትኛው ነው ድርቅ የቻለው? ጻፉት።

3. መሬት ያላችሁ ከጥግ ላይም ቢሆን ያንን ዘር ዝሩ። ሙስሊም ከዘራው ላይ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አበሥረዋል።

ያ አላህ! የሰጠኸንን ሪዝቅ ከሚንቁት አታድርገን። ዝናባችንን የበረከት አድርግልን፤ የገበሬዎቻችንን ድካም ተቀበል። አሚን።

ሰለዋት እናብዛ፤ ሱረቱል ከህፍን አንርሳ። መልካም ጁሙዓ።