በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ለምን አይገፈፍም?

የትምህርቱ ዓላማ፦ የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ መቼና እንዴት ወደ ስፖር እንደሚለወጥ፣ ተመልሶም እንዴት እንደሚበቅል ተረድታችሁ ለጎረቤቶቻችሁ ማስረዳት እንድትችሉ ነው።



ማታ ደህና የገባ በሬ ጠዋት ሞቶ ሲገኝ “ቆዳውና ሥጋው እንኳ ይትረፍ” ማለት የተለመደ ነው። ኪሳራው ከባድ መሆኑን እናውቃለን። በሽታው አባ ሰንጋ ከሆነ ግን ያ ቢላ የሚያስከትለው ጉዳት ከአንድ በሬ ይበልጣል።

1. ስፖር እንዴት ይፈጠራል?

ባክቴሪያው በታመመው ከብት ደም ውስጥ ምግብ ስለሚያገኝ እየተከፈለ ይባዛል። ከብቱ ሞቶ ደሙ ሲፈስና አየር ሲያገኘው ግን መባዛቱን ትቶ ራሱን ለክፉ ቀን ያዘጋጃል። በውስጡ ትንሽ ክፍል ለይቶ በወፍራም ሽፋን ይጠቀልላል። ካልሲየምና ዳይፒኮሊኒክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር በውስጡ ይከማቻሉ፤ አብዛኛው ውሃም ይወጣል። ትናንሽ ፕሮቲኖች ዘረ መሉን ሸፍነው ከጉዳት ይጠብቁታል። ይህ ስፖር ይባላል። በደንብ ደርቆ ጎተራ እንደገባ ዘር ቁጠሩት፤ አይበላም፣ አይባዛም፣ ግን አልሞተም።

2. ምን ያህል ይቆያል?

ስፖር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በስኮትላንድ በምትገኘው ግሩይናርድ ደሴት በ1942 እ.ኤ.አ. ስፖሩ በበጎች ላይ ተሞክሮ ነበር። መሬቱ በፎርማልዴሃይድ የታጠበው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ደሴቷ ነፃ ናት የተባለችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ላቦራቶሪዎች ስፖርን የሚገድሉት በግፊት በታመቀ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት ነው። ስለዚህ “ሥጋው ከተቀቀለ ችግር የለውም” የሚለው አባባል አይታመንም።

3. እንዴት ይበቅላል?

ከብት ሲግጥ ስፖሩን ከአፈርና ከሣር ጋር ይውጠዋል። ስፖሩ በሰውነት ውስጥ አላኒንን የመሳሰሉ የፕሮቲን ጥሬ ዕቃዎች ሲያገኝ ይነቃል። ያከማቸውን ካልሲየምና አሲድ ያስወጣል፣ ውሃ ይመጣል፣ ኢንዛይሞችም የውስጥ ግድግዳውን ያሟሟሉ። ዘረ መሉን ይጠብቁ የነበሩት ፕሮቲኖች ተፈጭተው የመጀመሪያ ስንቅ ይሆኑታል። ከዚያ እየተባዛ መርዝ ያመነጫል።

4. ምን እናድርግ?

• ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ የማይረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰው አትረዱ፣ አትግፈፉ፣ አትክፈቱ። ሬሳው ካልተከፈተ የብስባሽ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጠፉታል።
• ውሻና ጅብ እንዳይደርሱበት ጠብቁ፤ ወዲያውኑ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ሬሳው ደም ከነካው አፈር ጋር በባለሙያ ምክር ይቃጠላል፣ ወይም ከውሃ ርቆ በጥልቅ ይቀበራል።
• ከብቶቻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ስፖር ስለሆነ በክትባት ሰሞን አንቲባዮቲክ አትስጡ፤ ክትባቱን ያበላሸዋል።
• እንዲህ ያለ ከብት የነካ ሰው መሃሉ የጠቆረ፣ ብዙም የማያም ቁስል ካወጣ በአስቸኳይ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቶሎ ከታከመ ይድናል።

የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. በቀበሌያችሁ ከብት በድንገት የሞተበትና የተገፈፈበት ቦታ የት ነው? ዛሬ ማን ያሰማራበታል?
ለ. ጎረቤታችሁ ቢላ ይዞ ቢጠራችሁ ምን ትሉታላችሁ?