«ጂብ» ወይስ «ጂቢ»? ሳምጣ ላይ በዓረብኛ ማዘዝና መከልከል

ሳምጣ በጂዛን አውራጃ፣ ከየመን ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። እዚያ የቤት ሠራተኛ የሆነች እህታችን ከጧት እስከ ማታ የምትሰማው «ጂቢ» (አምጪ)፣ «ሩሒ» (ሂጂ)፣ «ታዓሊ» (ነዪ) ነው፤ ፍየል ጠባቂው ወንድማችን የሚሰማው ደግሞ «ጂብ»፣ «ሩሕ»፣ «ታዓል»። የሰሙትን እንዳለ ሲመልሱት እሷ አባወራውን በ«አንቺ»፣ እሱ ማዳሟን በ«አንተ» ያናግራሉ። ስለዚህ ቃሉን ከመሸምደድ ይልቅ ግሡን ወደ ትእዛዝ ማዞሩን ልመዱ።

1ኛ ደረጃ፦ ከግሡ ፊት ያለውን «ት» ጣሉ። «ትሩሕ» (ትሄዳለህ) «ሩሕ» ይሆናል፣ «ትጂብ» (ታመጣለህ) ደግሞ «ጂብ»። «ት» ሲወድቅ መነሻው ለአፍ ከከበደ «ኢ» ይገባል፦ «ቲፍተሕ»፣ «ኢፍተሕ» (ክፈት)። የጂዛን ሰዎች «አል» የሚለውን መስተአምር «አም» ስለሚሉት «ኢፍተሕ አምባብ» ብትሰሙ አትደናገሩ፤ በሩን ክፈት ማለት ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ለሴት በ«ኢ»፣ ለብዙ ሰው በ«ኡ» ጨርሱ፦ «ሩሒ»፣ «ሩሑ»።

3ኛ ደረጃ፦ ለመከልከል «ላ» አስቀድሙና የጣላችሁትን «ት» መልሱ፦ «ላ ትሩሕ»፣ «ላ ትሩሒ»፣ «ላ ትሩሑ»። አማርኛም «ሂድ» ብሎ «አትሂድ» ሲል «ት»ን ይመልሳታል። ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸውና ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

4ኛ ደረጃ፦ ከደንቡ የሚያፈነግጡትን በቃል ያዙ፦ «ታዓል» (ና)፣ «ኩል» (ብላ)፣ «ኹዝ» (ውሰድ)፣ «ሃት» (አምጣ፣ ስጠኝ)። የ«ታዓል» ክልከላ «ላ ቲጂ» ነው፤ እኛም ከ«ና» ወደ «አትምጣ» እንዘላለን። ለሴትና ለብዙ ግን እነዚህም በ2ኛው ደረጃ ይሄዳሉ፦ «ታዓሊ»፣ «ታዓሉ»።

5ኛ ደረጃ፦ አክብሮት ጨምሩ። የዕለት ተዕለቱ ዓረብኛ እንደ «ይምጡ»፣ «ይቀመጡ» ያለ የአንቱታ ትእዛዝ የለውም፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም ግሡ አንድ ነው። ክብሩ የሚገባው በሚታከለው ቃል ነው። ለወንድ «ለው ሰመሕት»፣ ለሴት «ለው ሰመሕቲ» (እባክሽ) በሉ። በዕድሜ የገፋውን «ያ ዐም» ብላችሁ ጥሩ። እንግዳ ሲመጣ «ተፈደል»፣ ለሴት «ተፈደሊ» ይበቃል፤ ይግቡንም፣ ይቀመጡንም፣ ይብሉንም ይሸፍናል። ባዶ «ጂብ» ለትልቅ ሰው ብልግና ነው።

አዲስ ለሚመጡ ወገኖች ግን ከሁሉ በፊት «ወጊፍ» (ቁም)፣ «ላ ትሩሕ» እና «ሃት አልኢቃማ» (ኢቃማህን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ስጠኝ) የሚሉትን አስተምሯቸው። በድንበር ከተማ፣ ኬላ ላይ፣ ቁም ተብሎ የሚሄድ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።